አፍሶ መልቀም



በዲፓርትመንታችን ላብ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጩኸት አለ። አንዱ መብራት ድንገት ሲጠፋ ሁላችንም በአንድ አፍ የምናሰማው «ኡፍ» ነው። ይሄኛው የጋራ ስለሆነ ብዙም አይከብድም። ሁለተኛው ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው። ልጁ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ «ፋይሌ! ኧረ ፋይሌ!» ይላል፤ ሌላው ዞር ብሎ ያየውና «አይዞህ ሪሳይክል ቢን ውስጥ እየው» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔም ለሰው እንዲህ ስል ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። ጩኸቱ የራሴ የሆነ ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። ደሞ የኔ ጩኸት ድምፅ አልነበረውም። ዛሬ የማጫውታችሁ እሱን ነው።

ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ መቀሌ የመጣሁት ለትምህርት ነው። የምኖረው አይደር ሰፈር፣ ከእናቴ እህት ጋር ነው። «ሓትኖይ» ነው የምላት። ባለቤቷ መምህር ነበሩ። ሰፈሩም፣ እሷም፣ እኛም ስማቸውን ትተን «መምህር» ብቻ ነበር የምንላቸው። የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ፤ መድኃኒት እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ጊዜ፣ በመጋቢት 2014 ዓ.ም አረፉ።

በየካቲት 2016 ዓ.ም የፕሮጀክት ሥራ ላይ እያለሁ የኔ ላፕቶፕ ማዘርቦርዱ ተቃጠለ። ሓትኖይ ሳልጠይቃት ከቁም ሳጥኑ የመምህርን ላፕቶፕ አውጥታ፣ አቧራውን በነጠላዋ ጠርጋ ሰጠችኝ።

«ያንተ ትምህርት ይቅደም» አለችኝ። «እሱም ቢኖር ይሰጥህ ነበር።»

ቅርጫቱ ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ ነበር

ላፕቶፑ የድሮ ነው። 500 ጊጋባይት የሚይዝ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አለው። ስከፍተው ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ቀዩ መስመር ጫፍ ደርሷል። ለፕሮጀክቴ የሚያስፈልጉኝን ፕሮግራሞች ለመጫን ቦታ አጣሁ። እንግዲህ የኛ የኮምፒውተር ተማሪዎች በሽታ ታውቁታላችሁ፤ የሰው ኮምፒውተር ስናገኝ «ላጽዳልህ» ማለት ይቀናናል። ማንም ሳይለምነኝ ማጽዳት ጀመርኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው።

«ኒው ፎልደር 3» የሚል ፎልደር አገኘሁ። 14 ጊጋባይት ይመዝናል። ገባ ብዬ ሳይ ፎቶዎች፣ ቪዲዮዎችና ስማቸው ቁጥር ብቻ የሆነ ትንንሽ የድምፅ ፋይሎች አሉ። «ፎቶ» የሚባል ሌላ ፎልደር ቀደም ሲል አይቼ ስለነበር ይሄ ድጋሚ ቅጂ ነው ብዬ ደመደምኩ። አንዱንም ከፍቼ አላየሁም። ዲሊት አደረግኩት፤ ወደ ቅርጫቱ ገባ። ቦታው ግን አልተለቀቀም። ቅርጫት ውስጥ ያለ ፋይል ዲስኩ ላይ ቦታውን እንደያዘ ነውና ቅርጫቱንም ባዶ አደረግኩ። ኮምፒውተሩ «እነዚህን ሁሉ በቋሚነት ላጥፋ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ያን ዕለት ማታ ደግሞ ከጓደኛዬ ያመጣሁትን 9 ጊጋባይት ተከታታይ ፊልም ገለበጥኩበት። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

እሁድ ሓትኖይ ቡና አፍልታ፣ ዕጣኑን አጭሳ፣ ሁለተኛውን ስኒ ስትቀዳልኝ እንዲህ አለችኝ፦

«ወደይ፣ ሙት ዓመቱ እየደረሰ ነው። የመምህርን ድምፅ እስቲ አንድ ቀን ክፈትልኝ። ለልጄም ትልክልኛለህ።»

«የምን ድምፅ?» አልኳት። ግን ገና አፌን ሳልዘጋ ልቤ ያውቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2013 ዓ.ም ማብቂያ ላይ የስልክና የኢንተርኔት መስመር ዳግም ሲቋረጥ፣ መምህር ካናዳ ካለችው ልጃቸው ጋር መነጋገር አልቻሉም። ስለዚህ በየሳምንቱ እሁድ ስልካቸውን ይዘው ጓሮ እየወጡ ለልጃቸው መልእክት ይቀዱ ነበር። «መስመር ሲከፈት ይላክላታል» ይሉ ነበር። የቀዱትን ወደ ላፕቶፑ እየገለበጡ ያስቀምጡታል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ መስመሩ ቀስ በቀስ ሲመለስ እሳቸው ከሞቱ ወራት አልፈዋል። ሓትኖይ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ድምፃቸውን መስማት አልቻለችም። «ሁለተኛው ዓመት ይድረስና» ብላ አስቀመጠችው። ስልኩ ተሸጧል። ቅጂው ያለው እዚያ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነበር። ኒው ፎልደር 3 ውስጥ።

«ዛሬ ባትሪው ደክሟል ሓትኖይ፣ ሌላ ቀን» አልኳት።

ዋሸሁ። ከፋይሎቹ የባሰው ይሄ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ሲጠፋ ምን ይጠፋል?

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ትምህርታችን ልውሰዳችሁ፤ ጭንቀቴን የምትረዱልኝ እንዲያ ስትሆኑ ነው።

የስክሪን ላይ ቅርጫት የመጣው ሰው ይሳሳታል ከሚል ሐሳብ ነው። አፕል በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሊሳ በሚባለው ኮምፒውተር፣ ቀጥሎም በ1984 በማኪንቶሽ ላይ ቅርጫት ነበር። ይሁንና የመጀመሪያዎቹ የማኪንቶሽ ቅርጫቶች ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ራሳቸውን ባዶ ያደርጉ ነበር። በ1991 ሲስተም 7 ሲመጣ ነው ባለቤቱ ራሱ «አውጣ» እስኪል ድረስ ቆሻሻው ቅርጫቱ ውስጥ እንዲቆይ የተደረገው። ሪሳይክል ቢን ደግሞ ከዊንዶውስ 95 ጋር በ1995 መጣ።

በዛሬው ዊንዶውስ ዲሊት ስናደርግ ፋይሉ ሌላ ስም ይሰጠውና ወደ አንድ ስውር ፎልደር ይዛወራል። ከጎኑ ሌላ ትንሽ ፋይል ትቀመጣለች፤ እሷ ላይ የቀድሞ ስሙ፣ የነበረበት ቦታና የጠፋበት ሰዓት ተጽፏል። «ሪስቶር» ስንል ፋይሉን ወደ ቀድሞ ቤቱ የምትመልሰው ያቺ ትንሽ ፋይል ናት። ነገር ግን ሺፍትና ዲሊትን አንድ ላይ ከተጫንን፣ ወይም ዊንዶውስ ላይ ከፍላሽ ያጠፋነው ከሆነ፣ ቅርጫቱ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። «ሪሳይክል ቢን ውስጥ እየው» የሚለው የላብ ምክራችን ለፍላሽ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ቅርጫቱ ባዶ ሲደረግስ? ይሄ ነው የሚገርመው። ፋይሉ አሁንም አልጠፋም። የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ አስቡ። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል፤ የተቀደደው ካርዱ ነው። ፍላሾች ላይ በብዛት በሚገኘው ፋት በሚባለው አሠራር፣ ፋይል ሲጠፋ በማውጫው ላይ የስሙ የመጀመሪያ ባይት ብቻ 229 በሚል ቁጥር ይተካል፤ ይዞት የነበረው ቦታም «ነፃ» ተብሎ ይመዘገባል። በቃ፤ ይኸው ነው። ለዚህ ነው በ1991 የወጣው ኤምኤስ ዶስ 5 የጠፋ ፋይል ሲመልስ «የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ምን ነበር?» እያለ ተጠቃሚውን ይጠይቅ የነበረው። የቀረውን ስም ያውቀዋላ! ከዚያም ቀደም ብሎ በ1982 ፒተር ኖርተን ያወጣው ኖርተን ዩቲሊቲስ በዚሁ ሐሳብ ነበር የጠፋ ፋይል የሚመልሰው። የዛሬው ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ኤንቲኤፍኤስም መዝገቡ ላይ «ይህ ቦታ አሁን አያገለግልም» የሚል ምልክት ያደርጋል እንጂ ውስጡን አይፍቅም።

የሀገራችን ሰው «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» ይላል። ኮምፒውተር ላይ ግን ይታፈሳል። ላዩ ላይ ሌላ ውኃ ካልፈሰሰበት ብቻ! ነፃ በተባለው ቦታ ላይ አዲስ ነገር ከተጻፈ ያ የድሮው እውነትም አለቀለት።

እኔ ደግሞ 9 ጊጋባይት ፊልም አፍስሼበታለሁ።

ሦስቱ የዝምታ ቀናት

ከእሁድ ማታ እስከ ማክሰኞ ያደረግኩትን ስነግራችሁ አትሳቁብኝ። ሓትኖይ እንዳትሰማ በሬን ዘግቼ፣ በዚያው ላፕቶፕ ኢንተርኔት ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። ብሮውዘር ደግሞ ያየውን ገጽ ሁሉ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። በዚያው ላፕቶፕ ላይ የጠፋ ፋይል መመለሻ ፕሮግራም አውርጄ እዚያው ጫንኩ። ፕሮግራሙ ያገኛቸውን ፎቶዎች «የት ላስቀምጥ?» ሲለኝ ዴስክቶፕ ላይ አልኩት። አስተዋላችሁ? የጠፋውን ለማውጣት እየቆፈርኩ አፈሩን መልሼ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ እየደፋሁ ነበር።

በየቀኑ ጠዋት ሓትኖይ «ደህና አደርክ?» ስትለኝ አንገቴን ደፍቼ እወጣለሁ። እሷ ፈተና የከበደኝ መስሏት ቁርሴን እየጨመረችልኝ ነው። ያ ቁርስ እንዴት እንደሚውጥ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ጓደኛዬ ሮማናት አካባቢ አንድ ሱቅ ወሰደኝ። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ዊንዶውሱን ላፕቶፑ ላይ እንደ አዲስ ጭኖ እንደሚያየው ነገረኝ። ለማለት ይከብደኛል፣ «እሺ» ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

ረቡዕ ግን አላስችል ሲለኝ ወደ ዲፓርትመንታችን መምህር ቢሮ ገባሁና ሁሉንም ዘረገፍኩት። አቋርጠው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ላፕቶፑ አሁን በርቷል?»

«አዎ፣ ቤት ነው። ስካን እያደረገ ነው የተውኩት።»

«ሂድና አጥፋው። ሹትዳውን እስኪያደርግ እንኳ አትጠብቅ፤ ሶኬቱን ንቀል፣ ባትሪውን አውጣ። ከዚያ አምጣልኝ።» ልወጣ በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ። «ለአክስትህ ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም። መጀመሪያ ላስተካክለውና...»

«መጀመሪያ ንገራት። ካልነገርካት እጅህ አያርፍም፤ እጅህ ካላረፈ ደግሞ ዲስኩ አያርፍም።»

ብዙ ሌክቸር ሰምቻለሁ፤ ይህን ያህል የገባኝ ግን የለም። ለካ ፊልሙ የበላው አንድ ጊዜ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ቀስ እያለ ሲበላ የነበረው የኔ ዝምታ ነው። እሁድ ዕለት ቡናው ላይ እውነቱን ብናገር ኖሮ ላፕቶፑ ያኔውኑ ይዘጋ ነበር። የፈራሁት የሓትኖይን ፊት ነው፤ ለዚያ ፍርሃት የከፈልኩት ግን በመምህር ድምፅ ነው።

ቤት ሄጄ ሶኬቱን ነቀልኩ። ከዚያ ሓትኖይ ሽሮ እየነፋች ካለችበት ገብቼ፣ ቆሜ፣ ነገርኳት። ወንፊቱን አስቀመጠች። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። አንድ ነገር ብትወረውርብኝ በተሻለኝ።

«ሁሉም?» አለችኝ።

«አላውቅም። ሊገኝ ይችላል። ላይገኝም ይችላል።»

«ሃያ ስድስት ናቸው» አለች። «ከመስከረም ጀምሮ አንድም እሁድ አልቀረም። እየቆጠርኩ ነበር።» ከዚያ ወንፊቱን መልሳ አነሳችና ወደ እኔ ሳታይ «ኣጆኻ ወደይ። ሂድ ሞክር» አለችኝ።

ለቀማው

መምህራችን መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ምንም አለመመለስ ነው። ሃርድ ዲስኩን ከላፕቶፑ አወጡት፤ በዩኤስቢ በሚሰካ ኬዝ ውስጥ አድርገው ከላብ ሊኑክስ ኮምፒውተር ጋር አገናኙት። ዲዲሬስኪው በተባለ ፕሮግራም የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ፣ ባዶ የተባለውን ቦታ ሳይቀር ባይት በባይት፣ ሌላ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ላይ አወረዱ። ዋናው ዲስክ ተፈትቶ ፖስታ ውስጥ ታሸገ። ከዚያ በኋላ የሠራነው ሁሉ በግልባጩ ላይ ነው። ብንሳሳት ሌላ ግልባጭ እናወርዳለን።

ቀጥሎ ቴስትዲስክን ሞከርን። እሱ የተቀደዱትን ካርዶች ነው የሚፈልገው፤ ማለትም መዝገቡ ላይ «አያገለግልም» የተባሉትን ስሞች። ጥቂት ፎቶዎች ከነስማቸው ተገኙ። የድምፅ ፋይሎቹ መዝገብ ግን በሌላ ተይዟል። እኔ ባለፉት ቀናት በጫንኳቸው ፕሮግራሞችና ብሮውዘሩ ባስቀመጣቸው እልፍ ትንንሽ ፋይሎች መሆኑ ነው።

የቀረን ፎቶሬክ ነበር። ሁለቱም ክሪስቶፍ ግርኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ የሠራቸው ናቸው፤ ነፃ ናቸው፤ ኮዳቸውም ክፍት ነው። ፎቶሬክ ካታሎጉን ጭራሽ አያይም። በመደርደሪያዎቹ መካከል እየሄደ መጽሐፎቹን ራሳቸውን ይገልጣል። እንዴት ያውቃቸዋል? እያንዳንዱ የፋይል ዓይነት የራሱ አጀማመር አለው። ጄፔግ ፎቶ ሁልጊዜ 255 እና 216 በሚሉ ባይቶች ይጀምራል። የመምህር ስልክ ይቀዳበት የነበረው ኤኤምአር የተባለው የድምፅ ዓይነት ደግሞ መጀመሪያው ላይ የራሱን ስም በፊደል ጽፎ ይዟል። ፎቶሬክ ያንን ሲያይ «እዚህ ጋ ድምፅ ይጀምራል» ይላል።

ሌሊቱን ሙሉ ሠራ። በመካከል መብራት ሄደ፤ እኔም ሄድኩ ማለት ይቻላል። ደግነቱ ፎቶሬክ የደረሰበትን እየመዘገበ ስለሚሄድ ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለ። ጠዋት ላይ በኤፍ ፊደልና በረጅም ቁጥር የተሰየሙ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች ነበሩን። የዊንዶውስ ምልክቶች፣ የብሮውዘር ቁርጥራጭ ሥዕሎች፣ የፊልም ማስታወቂያዎች። ከነዚያ መካከል ነው የምንለቅመው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው ተረት ለኔ የተተረተ መሰለኝ።

ከድምፅ ፋይሎቹ 22 ተገኙ። 19ኙ ሙሉ ናቸው። 3ቱ ከመካከላቸው ተቆርጠው ቀሪው ጩኸት ብቻ ነው። 4ቱ የሉም። ከትልልቆቹ ቪዲዮዎች ደግሞ የሚከፈቱት ጥቂት ናቸው። መምህራችን ምክንያቱን አስረዱኝ። ኤኤምአር በጣም የተጨመቀ ነው፤ የ10 ደቂቃ ንግግር ከ1 ሜጋባይት አይበልጥም። ትንሽ ፋይል ዲስኩ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይበታተን አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ቦታውም ጠባብ ስለሆነ አዲስ ነገር የሚያርፍበት ዕድል ያነሰ ነው። ትልቁ ግን ከየአቅጣጫው ይነከሳል። ዲስኩ ደግሞ አሮጌና የሚሽከረከር መሆኑ ጠቀመን። ዛሬ ላፕቶፖች ላይ የሚመጣው ኤስኤስዲ ቢሆን ኖሮ፣ ትሪም በሚባለው ትዕዛዝ የጠፋው ቦታ ወዲያው ስለሚጸዳ አንድም ነገር አናገኝም ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ከተመለሱት መካከል የተበላሹ የመሰሉኝ የዎርድ ፋይሎች ነበሩ። ስከፍታቸው ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላት ዝርግፍ ብለው ይታያሉ። ልጥላቸው ስል መምህራችን ሳቁና ቪዥዋል ግዕዝ ጫንልኝ አሉኝ። ፎንቱ ሲጫን ፊደሉ ተገለጠ፤ መምህር ለተማሪዎቻቸው ያዘጋጁት ማስታወሻ ነበር። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የኛን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ እየተኩ ነበር የሚሠሩት። ፎንቱ ከሌለ ጤነኛው ፋይል የተበላሸ ይመስላል። ሁለተኛ ጊዜ ልጥለው ነበር ማለት ነው።

ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ቀን

22ቱን ድምፆች በፍላሽ ይዤ ቤት ገባሁ። ችግሩ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም አለመታወቁ ነበር። ስሙም ቀኑም ከማውጫው ጋር ጠፍቷልና ሁሉም ቁጥር ብቻ ነው። ለሓትኖይ ይህን እያስረዳኋት የመጀመሪያውን ከፈትኩ። ነፋስ ተሰማ፣ ዶሮ ተሰማ፣ ከዚያ የመምህር ድምፅ፦

«ዛሬ እሁድ ነው። ጥቅምት 7 ቀን 2014 ዓ.ም።»

ሌላውን ከፈትኩ። «ዛሬ እሁድ ነው። ጥር 15።» ሌላውን። «ዛሬ እሁድ ነው። መስከረም 2።»

ሓትኖይ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች፤ እያለቀሰች ነው የሳቀችው። «መምህር አይደል!» አለች። «ቀን ሳይጽፍ ሰሌዳ አይነካም እኮ።»

እንዲያ ብለን ደረደርናቸው። የጎደሉት አራት እሁዶች የትኞቹ እንደሆኑም ታወቀ፤ ሁለቱ የኅዳር፣ ሁለቱ የታኅሣሥ ናቸው። ሓትኖይ ስለ አንዱ ታስታውሳለች። ያን ቀን መምህር ለልጃቸው የነገሯት፣ በልጅነቷ ከትምህርት ቤት ጠፍታ አንድ ቀን ሙሉ ስትፈለግ ስለዋለችበት ቀን ነበር። ሦስቱን አታውቃቸውም። በሙት ዓመቱ ዕለት 22ቱን ላክንላት። ስለ አራቱ እኔ ራሴ ደውዬ ነገርኳት፤ ማን እንዳጠፋቸውም ጭምር። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችኝም። ከዚያ «እማዬ የምታስታውሰውን እሷ ትቅዳልኝ» አለች። ሓትኖይም ጓሮ ወጥታ፣ ስልኩን እንዳሳየኋት ይዛ፣ ጉሮሮዋን ጠረገችና «ዛሬ እሁድ ነው» ብላ ጀመረች።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት እንዲያዝንልኝ አይደለም። ፋይል የጠፋበት ሰው ጩኸት በሰማችሁ ቁጥር ከ«ሪሳይክል ቢን ውስጥ እየው» ያለፈ ነገር እንድትነግሩት ነው። እስቲ በአጭሩ ላስቀምጠው፦

አንደኛ፣ ፋይል ሲጠፋ የመጀመሪያው ሥራ እጅን መሰብሰብ ነው። ፍላሽ ከሆነ ንቀሉት፤ የኮምፒውተሩ ዲስክ ከሆነ ኮምፒውተሩን አጥፉት።

ሁለተኛ፣ መመለሻ ፕሮግራሙን ፋይሉ በጠፋበት ዲስክ ላይ አትጫኑ፤ የተገኘውንም እዚያው አታስቀምጡ።

ሦስተኛ፣ ፍላሻችሁ ላይ ሾርትከት ብቻ ከታያችሁ ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ቫይረሱ ፋይሎቹን ደብቋቸው ነው እንጂ አላጠፋቸውም፤ አትሪብ በሚለው ትዕዛዝ ይገለጣሉ።

አራተኛ፣ የጥናት ወረቀት ይሁን ሪፖርት፣ ስማችሁንና ቀኑን በፋይሉ ስም ላይ ብቻ ሳይሆን ውስጡም ጻፉት። የፋይል ስም ከማውጫው ጋር ይሄዳል፤ ውስጥ የተጻፈው ግን ፋይሉ ባለበት ይኖራል። ይህን ያስተማሩኝ ኮምፒውተር ያልተማሩት መምህር ናቸው።

አምስተኛ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነገር እንደሌለ ቁጠሩት። ዛሬ ማታ ሌላ ቅጂ አድርጉለት።

የመጨረሻው ኮምፒውተርን የሚመለከት አይመስልም፤ ግን ነው። የሰው ዕቃ ካጠፋችሁ ዕለቱን ንገሩ። ዝም ያላችሁበት እያንዳንዱ ሰዓት ባዶ አይደለም፤ ላዩ ላይ የሆነ ነገር እየተጻፈበት ነው።

የመምህር ላፕቶፕ አሁን አዲስ ዲስክ ገብቶለት እኔው ጋ ነው፤ ሓትኖይ መልሳ ሰጥታኛለች። ቅርጫቱ ውስጥ ዛሬ ጠዋት 41 ፋይሎች አሉ። ባዶ አላደረግኩትም።

ቸር ይግጠመን።